ሽማግሎች ያዜሙትን ልጆች ይነፉታል፦ የያኮብ ዮርዳንስን የሙዚቃ ማዕዶች ማንበብ

በቤልጅየም አንትወርፕ ከተማ ባለው የሥነ ጥበብ ንጉሣዊ ሙዚየም ውስጥ ቁመቱ 128፣ ወርዱ 192 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ሦስት ትውልድ አንድ ገበታ ከቧል። ወንድ አያት አፋቸውን ከፍተው ያዜማሉ። ሴት አያት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ከያዙት ወረቀት ግጥሙን ይከተላሉ። አንድ ጎልማሳ ጉንጩ እስኪቀላ ባግፓይፕ፣ ማለትም የቆዳ ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ፣ ይነፋል። እናቱ ጭን ላይ ያለው ሕፃን ሳይቀር የሚነፋ ነገር ከእጁ አልጠፋም።

ብዙ ጎብኚ አንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ «ደስ የሚል ቤተሰብ ነው» ብሎ ያልፋል። ሥዕሉ ግን እንደ ቅኔ የተሠራ ነው። ሰሙና ወርቁ የሚገናኙበት አንድ ኅብር ቃል አለው፤ ያ ቃል ካልተፈታ የሚታየው ሰሙ ብቻ ነው፤ መብል፣ መጠጥና ጫጫታ።

ሠዓሊው ያኮብ ዮርዳንስ ይባላል። በ1593 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንትወርፕ ውስጥ ከበፍታ ነጋዴ ቤት ተወለደ። ሙያውን የተማረው ከአዳም ፋን ኖርት ሲሆን፣ ይኸው መምህር ቀደም ብሎ ታዋቂውን የአንትወርፕ ሠዓሊ ሩበንስንም አስተምሯል። በ1615 የከተማዋ ሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነ፤ በዓመቱ የመምህሩን ልጅ ካታሪናን አገባ። ማኅበሩ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ይባል ነበር፤ ወንጌላዊው ሉቃስ እመቤታችንን ሥሏል የሚለው ትውፊት እኛ ዘንድ ብቻ የቀረ አይደለም። ዮርዳንስ እንደ ሩበንስ ወይም እንደ ፋን ዳይክ ጣሊያን ሄዶ አያውቅም። ሰዎቹን ከወገባቸው በላይ ብቻ አድርጎ፣ ገበታው ዳር ድረስ አስጠግቶ፣ ተመልካቹን አብሮ የተቀመጠ እስኪመስለው ድረስ የሚያቀርበውን የጣሊያኖች ዘዴ የለመደው ከዚያ ከተመለሱት የአገሩ ሠዓሊዎች ነው። ሩበንስ በ1640፣ ፋን ዳይክ በ1641 ሲሞቱ የከተማዋ ቀዳሚ ሠዓሊነት ለእሱ ቀረ።

ኅብሩ የቱ ላይ ነው?

ከሥዕሉ በላይኛው ክፍል፣ እንደ ሰሌዳ ባለ ጌጥ ውስጥ አንድ አባባል ተጽፏል፦ «ሶ ዳውደ ሶንገን፣ ሶ ፔፐን ደ ዮንገን»። «ሽማግሎቹ እንዳዜሙት፣ ልጆቹም እንዲያው ይነፋሉ» እንደ ማለት ነው። አባባሉ የዮርዳንስ ፈጠራ አይደለም፤ ገጣሚው ያኮብ ካትስ በ1632 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገር መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚል አገር ሰው መልእክቱን ለመያዝ አይቸገርም።

ጨዋታው ያለው «ፔፐን» በሚለው ግሥ ላይ ነው። በዘመኑ አነጋገር ዋሽንት መንፋትም፣ እንደ ጫጩት መጮህም ይሆናል። ስለዚህ አንደኛው ፍቺ ስለ ሙዚቃ ነው፤ ትልቁ ሰው ዜማውን ያወጣል፣ ልጁ በዋሽንት ይከተለዋል። ሁለተኛው ስለ ወፍ ነው፤ እናት ወፍ ስትዘምር ጫጩቶቿ በቀጭን ድምፃቸው ያንኑ ይሞክራሉ። ዛሬ ደች ተናጋሪዎች አባባሉን ሲጠቅሱ የሚይዙት ይህንኑ የጫጩቱን ፍቺ ነው። ሦስተኛ ፍቺም አለ። ስሙ፣ «ፓይፕ» የሚለው፣ ዋሽንትም የትምባሆ ማጨሻም ነው። እኛ በጣሊያንኛ በኩል ያገኘነው «ፒፓ» የዚሁ ቃል ዘመድ ስለሆነ ይህኛው ኅብር ወደ አማርኛ በግማሽ ይሻገራል።

ሦስተኛውን ፍቺ እስከ ጫፍ የወሰደው ግን ዮርዳንስ አይደለም፤ የሰሜን ኔዘርላንዱ ያን ስቴን ነው። ስቴን ይህንኑ አባባል በ1668 እና በ1670 መካከል ሲሥለው፣ ሄግ ባለው የማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ እንደሚታየው፣ አባትየው እየሳቀ ለልጁ ፒፓ ሲያስጨብጥ አሳየ። አባትየውን የሠራው በራሱ መልክ ነው። እዚያ ልጁ የሚማረው መጥፎ ልማድ ስለሆነ ተግሣጹ ግልጥ ነው። ዮርዳንስ ዘንድ ማንም ለልጅ ትምባሆ አይሰጥም። ልጆቹ ዋሽንት ነው የያዙት። አያቶቹም ከማዜም በቀር ያጠፉት ነገር አይታይም። በዚህ ምክንያት የዮርዳንስን ሥዕል እንደ ስቴን በስብከት ብቻ ማንበብ ስሕተት ይመስለናል። አባባሉ ራሱ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል፤ ክፉም ደግም ይወረሳል።

የሚያዜም አፍ፣ የሚነፋ አፍ

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ከፊቶች ይልቅ ከአፎች ጀምሩ። እያንዳንዱን ሰው በተራ እያያችሁ አፉ ምን እያደረገ እንደሆነ ለዩ፦ ተከፍቶ ያዜማል? ተጨብጦ ይነፋል? ተዘግቶ ያዳምጣል? ይህን ስታደርጉ ሥዕሉ በሁለት ይከፈላል። የሚያዜሙት ሽማግሎቹ ናቸው። የሚነፉት ወጣቶቹና ልጆቹ ናቸው።

ይህ አከፋፈል ከአባባሉ የመጣ ብቻ አይደለም፣ ከመሣሪያዎቹ ጠባይም ነው። አፉን በዋሽንት የያዘ ሰው ቃል ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ግጥሙ፣ ማለትም ትርጉሙ፣ አያቶቹ ጋ ይቀራል፤ ወደ ልጆቹ የሚተላለፈው ቃል የሌለው ዜማ ነው። ልጁ የሚነፋውን ዘፈን ትርጉም ላያውቅ ይችላል። ዮርዳንስ ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን፣ አባባሉን በሙዚቃ መሣሪያ ያሳየ ሠዓሊ ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው።

ባግፓይፑን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። መሣሪያው አራት ክፍል አለው፦ ከቆዳ የተሰፋ ከረጢት፣ ከረጢቱን የሚሞላ የመንፊያ ቱቦ፣ በጣት ቀዳዳዎቹ ዜማ የሚወጣበት ቱቦ፣ እና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሰሙ አጃቢ ቱቦዎች። በፍሌሚሽ አገር፣ ማለትም በአንትወርፕ አካባቢ በፍላንደርስ፣ በተለመደው ዓይነት አጃቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከአንድ ግንድ ወጥተው በተጫዋቹ ትከሻ በኩል ሽቅብ ይቆማሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በአፉ ከረጢቱን ይሞላል፤ በመንፊያው ቱቦ ግርጌ ያለች የቆዳ ክዳን አየሩ ወደ አፍ እንዳይመለስ ትዘጋለች፤ ከዚያ በክንዱ ከረጢቱን ከጎኑ ጋር ሲጫን አየሩ ወደ ዜማውና ወደ አጃቢ ቱቦዎች ይሄዳል። ተጫዋቹ ትንፋሽ ሲወስድ ድምፁ የማይቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ድምፁን የሚገፋው ክንድ ነው፤ ጉንጭ ብዙ ሥራ የለበትም። ጎበዝ ባግፓይፕ ነፊ ጉንጩን እንደ ፊኛ አይነፋም። ዮርዳንስ ግን ጉንጩን ነፍቶ፣ ፊቱን አቅልቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሠራው። አላዋቂነት አይመስለንም። ነፊውን ብዙ ባለሙያዎች የራሱ የዮርዳንስ መልክ ነው ይላሉ፤ በራሱ ላይ እየቀለደ ከሆነ ያምርበታል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ የቆየ ወግ አለ። በግሪኮች ተረት አቴና የተባለችው አምላክ ዋሽንት ሠርታ ስትነፋ ፊቷ ሲበላሽ አይታ ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ለተማረው ሰው የነፋስ መሣሪያ ፊት የሚያበላሽና አፍ የሚዘጋ ነበር፤ የክር መሣሪያ ደግሞ ፊትን ሳይነካ፣ ቃልንም ሳይከለክል የሚጫወቱት። ባግፓይፕ የገበሬ ሰርግና የገበያ መሣሪያ ነበረ። ዮርዳንስ ይህን መሣሪያ ያስገባው ግን ወደ ገበሬ ጎጆ አይደለም። የገበታው ዕቃና የሴቶቹ ልብስ የደህና ከተሜ ቤት መሆኑን ይናገራል። ድምፁ ደጅ እንጂ ጓዳ ለማይመጥነው መሣሪያ እልፍኝ ውስጥ ቦታ መስጠት ለዘመኑ ተመልካች በራሱ የሚያስቅ ነበር።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ዮርዳንስ የራሱን ቤተሰብ በወግ ሲሥል ነው። ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም በ1621 ወይም በ1622 ገደማ የሠራው የቤተሰቡ ሥዕል አለ። እዚያ ሚስቱ ካታሪና፣ ልጃቸው ኤልሳቤጥና አንዲት የቤት ሠራተኛ አብረውት ናቸው፤ እሱ ራሱ የያዘው ሉት ነው፤ እንደ ክራር በጣት የሚመታ፣ ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ የጎበጠ የክር መሣሪያ። ሉት በዘመኑ ሥዕል የተስማማ ትዳርና የጨዋ ቤት ምልክት ነበር። ያው ሰው ለክብሩ ሉት ይዞ ቆመ፣ ለቀልዱ ደግሞ ራሱን ባግፓይፕ አሲዞ አስቀመጠ።

ለዚህም ነው የአንትወርፑን ሥዕል «የቤተሰብ ሥዕል» ማለት የሚያሳስተው። ወንድ አያቱ በአማቱ በአዳም ፋን ኖርት መልክ እንደተሠሩ ይታመናል። ይሁንና ዮርዳንስ እንደ ዘመኑ ሠዓሊዎች ሁሉ የሰው ራስ ብቻ እየሠራ በሥቱዲዮው ያስቀምጥ ነበር፤ አንድ የሽማግሌ ፊት ዛሬ ሐዋርያ፣ ነገ ንጉሥ፣ ከነገ ወዲያ ሰካራም ሆኖ ይወጣል። ፊቱ የታወቀ ሰው ነው ማለት ሥዕሉ ስለዚያ ሰው ነው ማለት አይደለም።

መነጽርና ጉጉት

በአንዳንዶቹ የዚህ ሥዕል ዓይነቶች ላይ ጉጉት ታያላችሁ። እኛ አገር ጉጉት ስትጮህ ሟርት ነው። የጥንት ግሪኮችን ያነበበ ሰው ደግሞ «ጥበብ» ይላል። በፍላንደርስ ሁለቱም አይሠራም። እዚያ ጉጉት ብርሃን እያለ የማያይ ሞኝ ነው፤ «ጉጉት ማየት ካልፈለገ ሻማና መነጽር ምን ይፈይዳል» የሚል አባባል አላቸው። አሁን ወደ ሴት አያቷ መነጽር ተመለሱ። መነጽሩ ለማንበብ ነው፤ ግን ጉጉት ካለችበት ሥዕል ውስጥ መነጽር እንዲሁ መነጽር ሆኖ አይቀርም። ጉጉት በሌለበት ዓይነት ላይ ግን ይህን ፍቺ በግድ መጫን አይገባም፤ አያት መነጽር የሚያደርጉት ዓይናቸው ስለደከመ ሊሆን ይችላል።

ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምክንያት

ይህን ሥዕል በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ግራ መጋባት አንዱ ሥዕል ከሌላው ጋር እንደ መስታወት ተገልብጦ መገኘቱ ነው። ዮርዳንስ ርእሱን ደጋግሞ ሠርቶታል፦ ከአንትወርፑ ሌላ ፓሪስ በሉቭር፣ በፈረንሳይዋ ቫላንሲየን፣ በካናዳ ኦታዋ ብሔራዊ ጋለሪ ሌሎች ዓይነቶች አሉ። እነዚህ የየራሳቸው አቀማመጥ ያላቸው ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደሉም። መገልበጥ የሚመጣው ከሁለት ሌሎች ሙያዎች ነው።

አንደኛው ኅትመት ነው። ስኸልቴ አ ቦልስቨርት የተባለ ቀራጭ ይህን የዮርዳንስ ርእስ በመዳብ ቀርጾ አትሞታል። ቀራጩ ንድፉን እንዳለ መዳቡ ላይ ከቀረጸ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫንበት የሚወጣው ተገልብጦ ነው። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ ንድፉን ገልብጦ መቅረጽ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉንም ቢሆን የግድ ወደ ኋላ መጻፍ አለበት። አንድ ኅትመት መገልበጡን ለማወቅ ብዙ ሰው የሙዚቀኞቹን እጅ ያያል። ለቫዮሊንና ለሉት ይህ ጥሩ መፈተሻ ነው። ለዋሽንት ግን ያታልላል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ እንጨት የሚሠሩ ሪኮርደር የሚባሉ ዋሽንቶች ከታች ጫፍ ለትንሿ ጣት ሁለት ቀዳዳ ይበጅላቸው ነበር፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ገዢው እንደ ልማዱ አንዱን ይጠቀምና የማይፈልገውን በሰም ይደፍነዋል። ስለዚህ ግራ እጁን ከታች ያደረገ ዋሽንት ነፊ ሥዕሉ ተገልብጧል ማለት አይደለም፤ የሠዓሊ ስሕተትም አይደለም።

ሁለተኛው ሽመና ነው። ዮርዳንስ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የገባው «የውሃ ቀለም ሠዓሊ» ተብሎ ነበር፤ ታፔስትሪ፣ ማለትም ሥዕል የተሸመነበት የግድግዳ ጨርቅ፣ በጣም ውድ በነበረበት ዘመን በውሃ ቀለም የተሣለ ግድግዳ ማልበሻ ርካሽ ምትክ ስለነበር ሙያው ራሱን የቻለ ገበያ ነበረው፤ ለታፔስትሪ ሸማኔዎች ንድፍ ማዘጋጀትም ለዚህ ሙያ የቀረበ ነው። በ1644 ከብራስልስ ሸማኔዎች ጋር የምሳሌያዊ አነጋገሮችን ተከታታይ ንድፍ ለመሥራት ተዋዋለ። የሽማግሎቹና የልጆቹ ማዕድም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ከዚህ ተከታታይ የተሸመኑ ታፔስትሪዎች ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ህሉቦካ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛሉ።

በብራስልስ የተለመደው ሽመና ድሩ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ፣ በሙሉ መጠን የተሠራው የወረቀት ንድፍ ከሥሩ ተነጥፎ የሚሠራ ነው። ሸማኔው በክሮቹ መካከል ንድፉን እያየ ይሸምናል። ፊት ለፊት የሚያየው ግን የታፔስትሪውን ጀርባ ነው፤ ክሩ የሚቋጠረውና የሚቆረጠው በእሱ በኩል ነው። ሲያልቅ ጨርቁ ይገለበጣል፣ ሥዕሉም አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ከመጀመሪያው ሁሉንም በግራ እጅ ማሰብ ነበረበት። በንድፉ ላይ ቀኝ እጁን ያነሳ ሰው ታፔስትሪው ላይ ግራኝ ሆኖ ይወጣል። ይህን የረሳ ሠዓሊ ግራ ጎኑ ላይ መታጠቅ ያለበትን ጎራዴ በቀኝ የታጠቀ ወታደር፣ በተሳሳተ እጅ የሚባርክ ቄስ ያተርፋል። ለሸማኔው እንዲመች ንድፉ ብዙ ጊዜ በቁራጭ ይቀደድ ስለነበር፣ ዋናዎቹ የወረቀት ንድፎች ከእንዲህ ዓይነት ሥራ እምብዛም አይተርፉም።

የማን እጅ ነው?

የአንድ ርእስ ብዙ ዓይነት ሲኖር «ዋናው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የዮርዳንስ ሥቱዲዮ ብዙ ተማሪና ረዳት የነበረው የሥራ ቦታ ነው። ረዳቱ ነባሩን ሥዕል ይገለብጣል፣ ጌታው ደግሞ ፊቶችንና እጆችን ዳግም ያልፍባቸዋል። በ1648 ዮርዳንስ ራሱ ለአንድ ገዢ በውል አዋዋይ ፊት ቃሉን ሰጥቷል፦ ከሸጠለት ሥዕሎች መካከል በረዳቶች የተጀመሩ አሉ፤ እሱ ግን በራሱ እጅ ደግሞ ስለሠራባቸው እንደ ዋና ሥራዎቹ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ የእሱ ወይስ የተማሪው» የሚለው ጥያቄ የኛ ዘመን ጥያቄ ነው፤ ለእሱና ለገዢው መልሱ በደረጃ ነበር።

እናንተም በዓይን የምትሞክሩት ነገር አለ። ከጎን በኩል ብርሃን ሲያርፍበት የሸራውን ስፌት ፈልጉ። ዮርዳንስ ሥዕል ጀምሮ ሲጠበው ቁራጭ እየቀጠለ የማስፋት ልማድ ነበረው፤ ቅጥሉ ሥራው እየተሠራ ሐሳቡ መለወጡን ይመሰክራል። የሚገለብጥ ረዳት እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ መጠኑን ገና ሲጀምር ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ጣቶች ሂዱ። የዋሽንት ቀዳዳ የሚዘጋው በጣት ሆድ ነው፤ ጣቱ ቱቦው ላይ ተንሳፍፎ ከቀረ ያን እጅ የሠራው ሰው ዋሽንት ነፊ ፊት ቆሞ እንዳልሠራው ልትጠረጥሩ ትችላላችሁ።

ወረቀቱ

መጨረሻ ላይ የተውነው ሴት አያቷ የያዙትን ወረቀት ነው፤ የአንትወርፑ ሥዕል ዕድሜ የሚታወቀው በዚህም ጭምር ስለሆነ። ርእሱ ይነበባል፦ «ስለ ካሎ አዲስ መዝሙር»። ከሥሩ «ጌዞች» የሚለው ቃል ይከተላል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች መንገድ ላይ በሳንቲም የሚሸጡ ነበሩ። ኖታ አይታተምባቸውም ነበር፤ ግጥሙ ታትሞ «በእገሌ ዘፈን ዜማ» ይባላል፤ ዜማውን ሁሉም ያውቀዋልና። ስለዚህ የሥዕሉን ዘፈን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ መጫወት የሚፈልግ ሙዚቀኛ የሚያገኘው ነገር የለም።

ካሎ ከአንትወርፕ ማዶ፣ በሼልት ወንዝ ግራ ዳርቻ ያለች መንደር ናት። በሰኔ 1638 ከተማዋን ለመያዝ የመጣው የኔዘርላንድስ ሪፐብሊክ ጦር እዚያ አንትወርፕን ይገዛ በነበረው በስፔን ንጉሥ ሠራዊት ድል ተመታ፤ ሠራዊቱን የመራው የንጉሡ ወንድም ካርዲናል ኢንፋንቴ ፈርዲናንድ ነበር። «ጌዞች»፣ ለማኞች ማለት፣ በስፔን አገዛዝ ላይ ለተነሡት ፕሮቴስታንት አመጸኞች ከ1566 ጀምሮ የወጣላቸው ስም ነው። አንትወርፕ በደስታ ሰከረች፤ ሩበንስ ለድሉ በዓል የሠራው የሠረገላ ንድፍ ዛሬ እዚያው ሙዚየም ውስጥ አለ። ዮርዳንስ ደግሞ የከተማውን ትኩስ ዘፈን አያቷ እጅ ላይ አኖረው። ልጆቹ የሚነፉት ዜማ በጌዞች ሽንፈት የተዘፈነ ነው ማለት ነው።

ዮርዳንስ ራሱ ግን ወደ ጌዞቹ ሃይማኖት አዘነበለ። ከ1651 እስከ 1658 ባለው ጊዜ ውስጥ መናፍቅ በተባሉ ጽሑፎች ምክንያት ከ200 ፓውንድ በላይ ተቀጣ። በ1652 ለሄጉ ሃውስ ተን ቦስ ቤተ መንግሥት የሪፐብሊኩን መሪ የፍሬድሪክ ሄንድሪክን ድል የሚያወድስ ግዙፍ ሥዕል ጨረሰ። በጥቅምት 1678 ሲሞት ልጁ ኤልሳቤጥም በዚያው ቀን ሞተች፤ በፕራዶው ሥዕል ላይ ሕፃን ሆና የቆመችው። አንትወርፕ ውስጥ ፕሮቴስታንት የሚቀበርበት መሬት ስላልነበረ አስከሬኑ ድንበር ተሻግሮ ፑተ በተባለች መንደር፣ በጌዞቹ አፈር፣ ከካታሪና አጠገብ ዐረፈ።